ስፓኒሽ የበዛበት ሰፈር ልንገባ ነው፦ ስለ ዊተንና አካባቢው ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የምኖረው ዊተን፣ ሜሪላንድ ነው። ቤት የሚፈልግ ዘመድ፣ የዘመድ ጓደኛ፣ ከዲሲ ኪራይ የሸሸ ሰው፣ ሁሉም ይደውላል። ጥያቄውም ያው ነው። ስለዚህ አንድ ላይ ጻፍኩት። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ስፓኒሽ ሰፈር የሚባለው በትክክል የቱ ነው?

ከሲልቨር ስፕሪንግ መሀል አለፍ ብሎ ወደ ሰሜን ዊተን አለ። ወደ ምሥራቅ ደግሞ ሎንግ ብራንች አለ። ከዚያ ዩኒቨርሲቲ ቡሌቫርድን ይዛችሁ ስትሄዱ ኒው ሃምፕሻየር አቬኑ ላይ ላንግሊ ፓርክን ታገኛላችሁ። ዊተን ውስጥ ከአሥር ነዋሪ ከአራት የሚበልጠው ላቲኖ ነው። ላንግሊ ፓርክ ውስጥ ከአራቱ ሦስቱ፣ እንዲያውም ከዚያ በላይ። ዊተንና ሎንግ ብራንች ሞንትጎመሪ ካውንቲ ናቸው፣ ላንግሊ ፓርክ ግን ፕሪንስ ጆርጅስ ነው። ይህን ልብ በሉ። አንድ መንገድ ተሻግራችሁ ቤት ብትይዙ የልጆቻችሁ ትምህርት ቤትም፣ የቤት ግብሩም፣ የኪራይ ሕጉም ይለወጣል።

ላቲኖ ብቻ ነው ማለት ግን አይደለም። ዊተን ላይ ቬትናሞች አሉ፣ ቻይናዎች አሉ፣ የምዕራብ አፍሪካ ሰዎች አሉ። ትንሽ አለፍ ብሎ ኬምፕ ሚል ላይ ቅዳሜ ጠዋት ቤተሰቡን አስከትሎ በእግሩ ወደ ምኩራብ የሚሄድ አይሁድ ታያላችሁ። እኛም አለን፣ በየዓመቱም እየበዛን ነው።

ሁሉም ሜክሲካን ናቸው አይደል?

አይደሉም። እባካችሁ ይህን ነገር እንተው። እኛ «ሶማሌ ናችሁ? ናይጄሪያ ናችሁ?» ስንባል እንደሚከፋን እነሱም ይከፋቸዋል። እዚህ አካባቢ የሚበዙት ከኤልሳልቫዶር የመጡ ናቸው። ቀጥሎ ጓቲማላ፣ ሆንዱራስ፣ ፔሩ እያለ ይሄዳል። ሜክሲኮዎችም አሉ፣ ግን እንደ ቴክሳስና ካሊፎርኒያ አይበዙም። ከየት እንደመጡ ጠይቁ፣ ደስ ይላቸዋል። እንዲያውም የመጡበትን ከተማ ስም ይነግሯችኋል፣ ምክንያቱም ብዙዎቹ ከአንድ አካባቢ ተያይዘው የመጡ ናቸው። በምሥራቅ ኤልሳልቫዶር ኢንቲፑካ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች፣ ግማሽ ሕዝቧ ዋሽንግተን አካባቢ ያለ ነው የሚመስለው።

ከጓቲማላ ከመጡት ውስጥ ደግሞ አፋቸውን የፈቱት በስፓኒሽ ያልሆነ ብዙ አሉ። ማም የሚናገሩ፣ ኪቼ የሚናገሩ። ስፓኒሽን የተማሩት በትምህርት ቤት ወይም በሥራ ነው። አማርኛን እንደዚያ የተማረ ስንት ሰው በመካከላችን እንዳለ ስለምናውቅ፣ ይህን ለመረዳት እኛ የምንቸገር አይመስለኝም።

እንዴት እዚህ ሊበዙ ቻሉ?

ታሪኩን ስታውቁት ጎረቤታችሁን የምታዩበት ዓይን ይለወጣል፣ ስለዚህ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልንገራችሁ።

የመጀመሪያዎቹ በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ዲሲ ውስጥ በዲፕሎማቶችና በመንግሥት ሠራተኞች ቤት ልጅ ለማሳደግና ቤት ለማጽዳት የመጡ ሴቶች ናቸው። ከዚያ ኤልሳልቫዶር ውስጥ ጦርነት ፈነዳ። ከ1980 እስከ 1992 ቆየ። ወደ 75,000 ሰው አለቀ። ቀድመው የመጡት ሴቶች ወንድም፣ እህት፣ ባል እያሉ አወጡ። ጊዜውን ልብ በሉት። የኛም ሰው ከደርግ ሸሽቶ፣ በሱዳን በኩል አልፎ፣ ዲሲ የገባው በነዚሁ ዓመታት ነው። ያረፉበትም ቦታ አንድ ነበር ማለት ይቻላል፤ እነሱ ማውንት ፕሌዛንትና አዳምስ ሞርጋን፣ እኛም አዳምስ ሞርጋን 18ኛው መንገድ ላይ። በ1991 ግንቦት ወር ማውንት ፕሌዛንት ላይ አንድ ፖሊስ የኤልሳልቫዶር ሰው በጥይት ከመታ በኋላ ለቀናት የቆየ ብጥብጥ ተነስቶ ነበር፣ በዚያን ጊዜ እዚያ የነበሩ ሀበሾች እስከ ዛሬ ያወራሉ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ታውቁታላችሁ። ዲሲ ኪራይ ናረ። እነሱ ወደ ላንግሊ ፓርክና ዊተን ወጡ፣ እኛ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ። በ2001 ኤልሳልቫዶር በሁለት ከባድ የመሬት መንቀጥቀጥ ስትመታ፣ እዚህ ለነበሩት ቲፒኤስ፣ ማለትም በጊዜያዊነት የመቆየትና የመሥራት ፈቃድ፣ ተሰጠ። ቲፒኤስ ምን እንደሆነ አሁን ለሀበሻ ማስረዳት አያስፈልግም፣ በ2022 ለኛም መጥቶልን ነበርና። ሥራ ትሠራለህ፣ ግብር ትከፍላለህ፣ ቤት ትገዛለህ፣ ልጅ ታሳድጋለህ፣ ግን መንግሥት በተቀየረ ቁጥር ልብህ ይንጠለጠላል። ጎረቤታችሁ ከሃያ ዓመት በላይ እንደዚህ እየኖረ ሊሆን ይችላል።

ስፓኒሽ ካልቻልኩ እቸገራለሁ?

አትቸገሩም። ልጆቹ አብዛኞቹ እንግሊዝኛ ይናገራሉ፣ ሱቁም ያግባባል። ግን ሃያ ቃል ብትይዙ ኑሮው ሌላ ይሆናል። ጠዋት «ቡዌኖስ ዲያስ»፣ ከሰዓት «ቡዌናስ ታርዴስ»፣ ሰው መሀል ስታልፉ «ኮን ፔርሚሶ»፣ ምግብ ላይ የተቀመጠ ሰው ስታዩ «ቡዌን ፕሮቬቾ»። ይቺ የመጨረሻዋ ትልቅ ነገር ናት። ምግብ ቤት ገብቶ የማያውቀው ሰው ገበታ አጠገብ ዝም ብሎ ማለፍ እንደ ባለጌነት ይታያል።

ሌላም ነገር ጠብቁ፤ መልካችሁን አይተው በስፓኒሽ ያናግሯችኋል። የዶሚኒካን ወይም የሆንዱራስ ጠረፍ ሰው ትመስሏቸዋላችሁ። አትቆጡ። «ሶይ ዴ ኤቲዮፒያ» በሉ፣ ወሬው ከዚያ ይጀምራል።

ሰው እንዴት ነው የሚጠራው? ክብሩ ላይ እንዳልሳሳት።

ጥሩ ጥያቄ ነው፣ የሚጠይቀው ሰው ግን ጥቂት ነው። ትልቅ ሰውን በስሙ ብቻ አትጥሩት። ወንዱን «ዶን»፣ ሴቷን «ዶኛ» ብላችሁ የራሳቸውን ስም ታስከትላላችሁ፣ ልክ ጋሼ እና እትዬ እንደምንለው። አንቱታም አላቸው፣ «ኡስቴድ» ነው። የኤልሳልቫዶር ሰው ለጓደኛው «ቮስ» ይላል፣ እናንተ ግን በ«ኡስቴድ» ጀምሩ። አንዳንድ ቤት ልጆች እናታቸውን አንቱ ይላሉ። ከአገር ቤት የመጡ እናትና አባት ይህን ሲሰሙ ደስ ይላቸዋል። ፈረንጅ ሰፈር ውስጥ መስኮት ዘግተው የሚቀመጡ ወላጆች እዚህ በር ላይ ወንበር አውጥተው ይቀመጣሉ፣ አላፊው ሰላም ይላቸዋል፣ ሕፃን ይስማሉ። ወላጅ የሚያመጣ ሰው ሰፈር ሲያማርጥ ይህን ከሁሉ በፊት ቢያስብበት እላለሁ።

ልጆቼ እዚህ ትምህርት ቤት ቢገቡ እንግሊዝኛቸው አይበላሽም?

አይበላሽም። ልጅ እንግሊዝኛን ከየትም ይለቅመዋል። የሚጠፋው እንግሊዝኛው አይደለም፣ አማርኛው ነው። ስለ እሱ ተጨነቁ።

ይልቅ የሞንትጎመሪ ካውንቲ ትምህርት ቤቶች ጥቂት የሚሆኑት ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምረው በእንግሊዝኛና በስፓኒሽ ጎን ለጎን ያስተምራሉ። ልጃችሁ ቤት ውስጥ አማርኛ፣ ትምህርት ቤት ሁለቱን ይዞ ቢያድግ ነገ ሆስፒታል ይሥራ፣ ባንክ ይሥራ፣ እዚህ አገር ትልቅ ሀብት ነው። የካውንቲው ትምህርት ቤቶች ለወላጅ የሚልኩትን ዋና ዋና ማስታወቂያ በአማርኛም ያወጣሉ። ስብሰባ ላይ አስተርጓሚ በነፃ መጠየቅም መብታችሁ ነው። ልጃችሁን አስተርጓሚ አታድርጉት። የራሱን ጥፋት እንዴት አድርጎ ሊተረጉምላችሁ ነው?

እውነቱን ለመናገር ክፍሎቹ ይጨናነቃሉ። በዓመቱ መሀል ከአገሩ ገና የመጣ ልጅ ይገባል፣ መምህሩ ጊዜውን ይከፋፍላል። ቤት ውስጥ ማንበብ ካልታከለበት ልጁ ወደ ኋላ ሊቀር ይችላል። ይህ ግን ወላጅ ሁለት ሥራ በሚሠራበት በየትኛውም ሰፈር ያለ ችግር ነው።

ሰላም ነው? ጋንግ አለ ይባላል።

ኤምኤስ 13 የሚባለውን ስም ሁሉም ሰምቷል። ሎስ አንጀለስ ውስጥ በ1980ዎቹ ከጦርነቱ በሸሹ ቤተሰቦች ልጆች መካከል የተጀመረ ነው። በዚህ አካባቢም ሰው ገድለዋል፣ አልክድም። የሚያስቸግሩት ግን ከሁሉ በላይ የራሳቸውን ወገን ነው፣ ሱቅ ያለውን፣ ገና የመጣውን ታዳጊ። ከነሱ ጋር ምንም ግንኙነት የሌለው ቤተሰብ የሚያጋጥመው ሌላ ነው፤ ከመኪና ላይ ዕቃ መሰረቅ፣ በር ላይ የተቀመጠ ፖስታ መወሰድ።

እኔን የሚያስፈራኝ መንገዱ ነው። ዩኒቨርሲቲ ቡሌቫርድና ጆርጂያ አቬኑ ሰፊ ናቸው፣ መኪናው ይበራል፣ አውቶቡስ ማቆሚያውና መብራት ያለው ማቋረጫ ይራራቃሉ። ሰው ከአውቶቡስ ወርዶ ዕቃውን ይዞ በመሀል ይሻገራል። በዚህ ሰው ይሞታል። ለልጆቻችሁና ለወላጆቻችሁ አጥብቃችሁ ንገሩ፤ አምስት ደቂቃ ተራምደውም ቢሆን መብራት ላይ ይሻገሩ።

ቅዳሜ ማታ ሙዚቃው አያስተኛም ይባላል።

አንዳንድ ቅዳሜ፣ አዎ። ብዙ ጊዜ ኪንሴኣኜራ ነው፣ ሴት ልጅ 15 ዓመት ስትሞላ የሚደገስ። ቅዳሴ አለው፣ ቬሎ የመሰለ ትልቅ ቀሚስ አለው፣ ሚዜዎች አሉት፣ ወላጅ ለዓመታት የሚቆጥብለት ድግስ ነው። የኛን ሠርግ ያየ ሰው ስለ ድምፅ ሌላውን ለመክሰስ ባይቸኩል ጥሩ ነው። መጀመሪያ በሩን አንኳኩና በትሕትና ተናገሩ። እኔ ያየሁት ሁሌ ቀነስ ያደርጉታል፣ ሳህን ሞልተውም ይሰጣሉ። በየሳምንቱ ከሆነና ንግግር ካልሠራ የካውንቲው የድምፅ ሕግ አለ፣ ማታ የሚፈቀደው ከቀን ያንሳል። 311 ደውላችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ። ለሙዚቃ 911 አትደውሉ። በዚህ ዘመን ላቲኖ ቤት ፖሊስ መጥራት ከድምፅ መቀነስ ያለፈ ጣጣ ያመጣ ይሆን ብሎ ቤተሰቡን ሲያስጨንቅ ያድራል።

ምግቡስ? በጾም ምን እበላለሁ?

ፑፑሳ ነው የሰፈሩ ምግብ። የበቆሎ ሊጥ ነው፣ ውስጡ አይብ፣ ቦሎቄ ወይም የተፈጨ አሳማ ይገባበታል፣ ምጣድ ላይ ይጋገራል። ከጎኑ ኩርቲዶ የሚባል የኮመጠጠ ጥቅል ጎመን ይመጣል። በእጅ ነው የሚበላው፣ በሹካ የሚበላውን ያዩታል።

ለኦርቶዶክሱም ለሙስሊሙም አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። «ቦሎቄ ብቻ» ብላችሁ ያዘዛችሁት ፑፑሳ ቦሎቄው በአሳማ ስብ የተጠበሰ ሊሆን ይችላል። ስቡ «ማንቴካ» ይባላል። «ሎስ ፍሪሆሌስ ዬቫን ማንቴካ?» ብላችሁ ጠይቁ። «ኖ» ካሉ «ሶሎ ፍሪሆል፣ ሲን ኬሶ» በሉ፣ ቦሎቄ ብቻ፣ ያለ አይብ ማለት ነው። ምጣዱ አንድ መሆኑ የሚያስጨንቀው ሰው ቤቱ ይጋግር፣ የበቆሎ ዱቄቱ በየሱቁ አለ። ታማሌስ በሚባለው በቅጠል ተጠቅልሎ የሚበስል የበቆሎ ሊጥ ላይም ያው ጥንቃቄ ያስፈልጋል፣ ሊጡ ራሱ ብዙ ጊዜ በስብ ነው የሚቦካው።

ወጥ ለሚሠራ ሰው የላቲኖ ገበያ ገነት ነው። ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ጎመን፣ አቮካዶ፣ የድንብላል ቅጠል፣ ለቃሪያ የሚሆን ሃላፔኞ፣ ሁሉም ከትልልቆቹ ሱፐርማርኬቶች ይረክሳል። ለእንጀራና ለበርበሬ ደግሞ ሲልቨር ስፕሪንግ ቅርብ ነው፣ ዊተንም የሀበሻ ሱቅና ምግብ ቤት አያጡም። አውቶቡሱ፣ ራይድ ኦን የሚባለው፣ ከ2025 ጀምሮ ነፃ ነው።

ቡና ደግሞ ጥሩ መግቢያ ነው። ኤልሳልቫዶር፣ ጓቲማላ፣ ሆንዱራስ፣ ሁሉም የቡና አገር ናቸው። ጎረቤቴ የሆኑ አንዲት እናት በልጅነታቸው ቡና ለቅመው ነው ያደጉት፣ ጀበና ግን አይተው አያውቁም ነበር። አሁን የቡናው ሽታ ሲደርሳቸው ዳቦ ይዘው ራሳቸው ይመጣሉ።

በዓላቸው ከኛ ጋር ይገናኛል?

ከምታስቡት በላይ። ካቶሊክም ፕሮቴስታንትም አሉ። የኤልሳልቫዶር ትልቁ የደብር በዓል ኦገስት 6 ነው፣ ጌታ በታቦር ተራራ ብርሃኑን የገለጠበት። የኛ ቡሄ ነሐሴ 13 ነው፣ ኦገስት 19። አንድ በዓል ነው፣ የቀን መቁጠሪያው ነው 13 ቀን የለያየው። ልጆቻችሁ «ሆያ ሆዬ» እያሉ በር ሲያንኳኩ ይህን ለጎረቤት ንገሩ። ሴፕቴምበር 15 ደግሞ የአምስት የመካከለኛው አሜሪካ አገሮች የነፃነት ቀን ነው፣ እንቁጣጣሽ ካለፈ አራት ቀን በኋላ። ከዲሴምበር 16 እስከ 24 ዮሴፍና ማርያም ማደሪያ ሲፈልጉ እንደነበር እያሰቡ ከቤት ወደ ቤት እየዘመሩ የሚሄዱም አሉ። ከመጡባችሁ ክፈቱላቸው፣ ትኩስ ነገር አቅርቡ።

አይስ (የኢሚግሬሽን ፖሊስ) ሰፈሩ ሲገባ ምን ላድርግ?

መጀመሪያ የራሳችሁን ወረቀት አስተካክሉ፣ ቅጂውን ቤት አስቀምጡ። በር ላይ የመጣ ሰው የዳኛ ፊርማ ያለበት ማዘዣ እንዲያሳይ፣ በበሩ ሥር ወይም በመስኮት በኩል መጠየቅ ይቻላል። ሳይጠይቁ መክፈት ግዴታ አይደለም። መዝገብ ያለው ሰው ጠበቃውን አስቀድሞ ያማክር። «ፎርም እሞላለሁ» የሚል ሁሉ ጠበቃ አይደለም። ላቲኖዎቹ «ኖታሪዮ» በሚባሉ ሰዎች ብዙ ገንዘብ ተበልተዋል፣ ምክንያቱም አገራቸው ኖታሪዮ የሕግ ባለሙያ ነው፣ እዚህ ግን ማህተም የሚመታ ሰው ብቻ ነው። በኛም ውስጥ ያው ነገር አለ።

ላንግሊ ፓርክ ያለው ካሳ የሚባል ድርጅት ከ1985 ጀምሮ ስደተኛ ይረዳል። የተነሳው ለመካከለኛው አሜሪካ ሰዎች ነው፣ በሩ ግን ለኛም ክፍት ነው። ይህን የሚያውቅ ሀበሻ ጥቂት መሆኑ ያሳዝነኛል።

ለጎረቤት ደግሞ፣ ወረቀት አለህ ወይ ብላችሁ አትጠይቁ። መቼም። አባትየው ካልታየ ልጆቹን ከትምህርት ቤት ላምጣላችሁ ወይ ማለት ይበቃል።

ቤቴን የሚያድስ ሠራተኛ ከሰፈሩ ብቀጥርስ?

ጥሩ ሠራተኞች ናቸው። ግን ወረቀት የለውም ብሎ የተስማሙትን ገንዘብ መቁረጥ የሌብነት ያህል ነው፣ ሕጉም አይፈቅድም፣ ወረቀት ይኑረው አይኑረው የሠራበትን የመጠየቅ መብት አለው። ሜሪላንድ ውስጥ ዝቅተኛው ክፍያ በሰዓት 15 ዶላር ነው፣ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ከዚያ ይበልጣል። ይህን የምለው ከኛ ሰዎች መካከል ሲከለክሉ ስላየሁ ነው። እኛም እንዲሁ ተደርጎብናል፣ ፓርኪንግ ቤትና ሬስቶራንት የሠራ ሰው ያውቀዋል።

ቤዝመንት (ምድር ቤት) ልከራይ ነው። ምን ልይ?

የመኝታ ክፍሉን መስኮት እዩ። እሳት ቢነሳ ሰው የማይወጣበት ከሆነ አትግቡ፣ ኪራዩ ምንም ቢረክስ። የጭስና የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ መኖሩን አረጋግጡ። የራሱ ኩሽና ያለው ቤዝመንት ተብሎ የሚከራይ ከሆነ ካውንቲው ፈቃድ ይጠይቃል፣ በስልክ ማጣራት ይቻላል። መኪና ማቆሚያ በማታ ሄዳችሁ እዩ፤ በቀን ባዶ የሆነው መንገድ ሁሉም ከሥራ ሲገባ፣ ከነሥራ ቫኑ፣ ይሞላል።

አፓርታማ ለሚከራይ፣ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ውስጥ ከ2024 ጀምሮ የዓመት ጭማሪ ከ6 በመቶ እንዳያልፍ ሕግ ወጥቷል። አዳዲስ ሕንፃዎችና ጥቂት ቤት ብቻ የሚያከራዩ ሰዎች አይነካቸውም። ከዚያ በላይ የጨመረባችሁ ካለ ፈርማችሁ ከመመለሳችሁ በፊት ካውንቲውን ጠይቁ።

አሁን ልግዛ ወይስ ልጠብቅ? ባቡር ይመጣል ይባላል።

ፐርፕል ላይን ነው። ከቤተስዳ ተነስቶ በሲልቨር ስፕሪንግ፣ በሎንግ ብራንች፣ በላንግሊ ፓርክ አድርጎ ኒው ካሮልተን ይደርሳል፣ 21 ጣቢያ አለው። ሥራው በ2017 ተጀምሮ ብዙ ዘግይቷል፣ አብዛኛው ሐዲድ ግን ተዘርግቷል። ዊተንን አይነካም፣ እዚያ የሜትሮ ባቡሩ ቀይ መስመር ከ1990 ጀምሮ አለ።

ባቡር ሲመጣ ዋጋ ይጨምራል። ለሚገዛ ጥሩ ነው። ለሚከራየው ግን፣ ሠላሳ ዓመት ሰፈሩን ያቆመው ፑፑሳ ቤት፣ ፀጉር ቤት፣ ጫማ ሰፊ፣ ሁሉ ሊነሳ ይችላል፣ አዳምስ ሞርጋን ላይ በእኛም በእነሱም የደረሰው ይኸው ነው። አቅም ያለው በግዢ ይግባ፣ ገዝቶ ሲገባ ግን ሱቆቹን ይጠቀም፣ የካውንቲው ስብሰባ ሲጠራም ይሂድ። ስብሰባው ላይ አስተርጓሚ ከፈለጋችሁ አስቀድማችሁ ንገሯቸው፣ አማርኛ ብላችሁ።